ከማን አፍ

የቲቸር እንድሪስን መሞት ማንም አላረዳኝም። ወንድሜ ኑሩ መቃብሩ ዳር ቆሞ በስልኩ የቀዳውን ድምፅ ላከልኝ፤ ስከፍተው ቀብራቸው ላይ ተገኘሁ። ነፋስ ይሰማል፣ አካፋ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል፣ አንድ ሰው ያስላል። ከዚያ የኢማሙ ድምፅ ይመጣል።

«ያ ጀመዓ! ወንድማችን እንድሪስ ወደ አኼራ ሄዷል። በሱ ላይ ሐቅ ያለው ካለ ይናገር። ካልሆነም ለአላህ ብላችሁ አውፍ በሉት።»

በእኛ አገር ይህ ሳይጠየቅ ማንም ከመቃብር አይመለስም። አውፍ ማለት ይቅር ማለት ነው፤ ግን ከንፈር ላይ የሚቀር ይቅርታ አይደለም። ሟቹ የሰው ሐቅ ተሸክሞ እንዳይሄድ ባለሐቁ ከትከሻው የሚያወርድለት ነው። ሕዝቡ «አውፍ ብለናል፣ አውፍ ብለናል» እያለ ሲያጉመተምት ከመሐል የአባቴ ድምፅ ወጣ።

«እኔ ሐቅ ነበረኝ። አውፍ ብየዋለሁ። የኸድጃን ግን እኔ አልልላትም።»

«ይማም! ኧረ በአላህ፣ ቀብር ላይ?» አለ አንድ ሰው።

«ምን አጠፋሁ? ልጅቱ የራሷ አፍ አላት።»

ቅጂው እዚያ ላይ ያበቃል። ኸድጃ እኔ ነኝ።

እኔ ያለሁት ሙስካት ነው። የአንዲት አሮጊት ቤት እጠብቃለሁ፣ እሳቸውንም አስታምማለሁ። የቲቸር ሰደቃ የሚወጣው በአርባኛው ቀን ነው፤ ያን ቀን ሐቅ ያለው ሁሉ አውፍ ብሏል ተብሎ ዱዓ እንዲደረግ የቀረው የእኔ ቃል ብቻ ነው። ኑሩ በየቀኑ «ላክሽ?» ይለኛል። የቲቸር ባለቤት እትየ ሐሊማ ደግሞ ለቅሶ ለመድረስ የሚገባውን ሁሉ ገና ሳይቀመጥ «ኸድጃ ምን አለች?» ይላሉ አሉ።

ሞክሬያለሁ። ውዱእ አድርጌ፣ ሁለት ረከዓ ሰግጄ፣ ስልኩን አፌ ላይ ደግኜ «አውፍ ብያለሁ» አልኩ። መልሼ ሳዳምጠው፣ ለማይፈለግ እንግዳ በር ላይ ቆሜ «እመቤቴ የሉም» የምልበት ድምፄ ነው። አጠፋሁት። በማግስቱም ቀዳሁ፤ በማግስቱም አጠፋሁ። የሙታንን መልካሙን አንሱ ተብለናል፤ መዋሸትም ተከልክለናል። በሁለቱ መሐል ያለችው መንገድ ጠባብ ናት፤ እስቲ በእሷ ልሂድ።

ቲቸር እንድሪስ ረጅም፣ ሁልጊዜ አንገታቸውን ጠመም አድርገው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። የቀኝ ጆሯቸው አይሰማም። በልጅነታቸው ሮቢት አንድ ወፍጮ ቤት ሲሠሩ ሞተሩ ወሰደው ይሉ ነበር። ስለዚህ ሰው ሲናገር ግራ ጆሯቸውን ወደፊት አስቀድመው፣ እጃቸውን እንደ ቅል አጉብጠው ከኋላው ይደግፉትና ይጠብቃሉ። እሳቸው እንዲያ ሲቆሙ የሚናገረው ሰው፣ ሌባም ቢሆን፣ አንድ ቁም ነገር ማለት ያለበት ይመስለዋል።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረስኩት ዘግይቼ ነው። እናቴ ታማ ሁለት ዓመት አቋርጫለሁ፤ እሷን ቀብሬ ስመለስ ጦርነቱ ትምህርት ቤቱን ዘጋው። ሲከፈት ግማሹ መስኮት የለም፣ ቤተ መጻሕፍቱ ባዶ ነው፣ ለፈተናው የቀረን ጥቂት ወራት ነው። አባቴ «በይ ይችን ዓመት ሞክሪ፤ ካልሆነ ግን…» ብሎ የቀረውን ተወው። ያልጨረሰውን እኔ አውቀዋለሁ። ከሰፈራችን ብዙ ልጆች በዚያ መንገድ ዓረብ አገር ሄደዋል፤ እነሆ እኔም ከሄዱት አንዷ ነኝ።

በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ቲቸር ከገበያ በርበሬ ገዙ። ነጋዴዋ የጠቀለለችላቸው በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ወረቀት ነበር። ከየት እንደመጣ ማንም አልጠየቀ፤ የዚያን ጊዜ በከተማችን በቆቦ ጨውም ስኳርም የሚጠቀለለው በሆነ ትምህርት ቤት ወረቀት ነው። ቲቸር ወረቀቱን አራግፈው አነበቡትና ተመልሰው ሄደው ከዚያ መጽሐፍ የተረፈውን ሁሉ ለመኗት። አራት ቅጠል ሰጠቻቸው። አራቱም ቅጠል ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነበር፤ ስለ ራን (run)።

በማግስቱ በርበሬ የሚሸቱትን ወረቀቶች ከፍ አድርገው ክፍል ገቡ።

«ያ ጀመዓ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«ራን!»

«ትርጉሟ?»

«መሮጥ!»

«እሱን አራተኛ ክፍል ጨርሳችኋል። ከዛሬ ጀምሮ ‹መሮጥ› ያለ ልጅ ከክፍሌ ይወጣል። መጽሐፍ የለንም፤ አንድ ቃል ግን አለን። አንድ ቃል አራት ቅጠል ሞልቶ ከተረፈ፣ እንግሊዝኛው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ ማለት ነው። እስቲ፣ አፍንጫ ራን ሲያደርግ ምን እንላለን?»

ቀልደኛው ተስፋዬ ከኋላ ወንበር ተነሣ። «ቲቸር፣ አፍንጫ ወዴት ይሮጣል? ፊታችን ተነቅሎ ካልተከተለው!»

«ውጣ!» አሉት እየሳቁ። ወጣ። በመስኮቱ በኩል ተመልሶ ገባ፤ መስታወት የለውማ።

እስከዚህ ድረስ ወደናቸው ነበር። ያስመረረን የአሠራራቸው ነገር ነው። ለአንዲቷ ቃል ትርጉም ሁሉ የእኛን አማርኛ በአንድ ጥቁር ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ ግን ከራሳቸው ጭንቅላት አይጽፉም፤ ከእኛም ጭንቅላት አይቀበሉም። ሥራው የሆነ ሰው፣ ሥራው ላይ ሆኖ፣ ማንም ሳይጠይቀው ከአፉ ሲያወጣው መሰማት አለበት። «ጠይቀህ ያገኘኸው ቃል እንግዳ ፊት እንደሚቀርብ ልጅ ነው፤ ፊቱን ታጥቦ፣ ቅቤ ተቀብቶ ይመጣል። እኔ የምፈልገው ሲጫወት ነው» ይሉናል። ቃል ይዘን ስንመጣ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ከማን አፍ?» ነው። ስም ከሌለው አይጻፍም። በደብተሩ ላይ ቃሉ፣ ባለአፉ፣ ቦታው በአንድ መስመር ይሰፍራሉ።

ስለዚህ የሌላው ክፍል ልጆች የድሮ ፈተና አባዝተው ሲሠሩ እኛ መናኸሪያ ነበርን። መኪና በአንድ መንገድ ሲመላለስ እንግሊዞቹ ራን ይላሉ፤ እኛስ? ሚኒባሶቹ ጥግ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ረዳቱ ከረፋዱ በኋላ «ዋጃ የምትሠራዋ የታለች? የዋጃዋ!» ብሎ ሲጮህ ቲቸር ጉልበታቸውን መታ አድርገው ጻፉ። የጨርቅ ቀለም በውሃ ሲወጣም ራን ነው። ሻሽ ተራ ቆምን።

«አንች፣ ይኼ ቀለሙ ይለቃል እንዴ?» አለች አንዲት ገዢ።

«ወላሂ አይለቅም! ከለቀቀ መጥተሽ በፊቴ ወርውሪው!»

«ባለፈው የወሰድኩት የባሌን ጋቢ ቀይ አድርጎ ነው የለቀቀው።»

«እሱ ሻሼ ሳይሆን ባልሽ ነው የለቀቀ!»

ተስፋዬ በሳቅ ሞተ። ቲቸር ግን ‹ለቀቀ፤ ከዘሃራ አፍ፣ ሻሽ ተራ› ብለው ጻፉና ለዘሃራ ሰላምታ ሰጥተው ሄዱ። የላም ወተት ሲቋረጥም ራን ይገባበታል፤ «ነጠፈች» የሚለውን ለመስማት ሁለት የገበያ ቀን ጠበቅን። እኔ ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ቤታችን ላም ነበረች። «ቲቸር፣ ነጠፈች ነው የምንለው» ስላቸው እንዳልሰማ ሰው ቀኝ ጆሯቸውን አዞሩብኝ።

የደብተሩ ተሸካሚ እኔ ነበርኩ። ዕቃ በንጽሕና እይዝ ነበር፤ እርጋታም ነበረኝ፤ ለእኔ ሰጡኝ። ኩራት አልነበረኝም ብል ውሸት ነው። ቢሆንም አንድ ቀን ደፍሬ ተናገርኩ።

«ቲቸር፣ ፈተናው የሚጠይቀን ሰዋስው ነው፣ ምንባብ ነው። እኛ የምንሰማው የግመል ዋጋ ሆነ።»

«ኸድጃ፣ ፈተና የሚጠይቀው አንድ ሰው ጨርሶ ያስቀመጠውን ነው። እኔ የማስተምርሽ የማያልቀውን ነው።»

«እኔ ግን ዓመቱ ያልቅብኛል!»

ቆም አሉ። ፊታቸው በራ። ደብተሩን ከእጄ ወስደው ከአንዱ ትርጉም ፊት ለፊት ‹አለቀበት፤ ከኸድጃ ይማም አፍ፣ ክፍል ውስጥ› ብለው ጻፉና መለሱልኝ። ያን ጊዜ ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ ሳስበው ነው፣ የነገርኳቸውን ነገር እንዳልሰሙ የገባኝ። ቃሉን ሰሙ፣ እኔን አልሰሙም።

አሁን ወደ ጎርፉ ልምጣ።

የእኛን ሜዳ የሚያጠጣው በምዕራብ በኩል ያለው ተራራ ላይ የዘነበው ነው። እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይጥል፣ ፀሐይ እየከረረ፣ በጎሊና ወንዝ ጎርፍ ይወርዳል። ገበሬው በጭራሮና በአፈር ክትር ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ተራ አለው፤ ተራውን የሚያደላድለው የውሃ አባት የሚባል ሽማግሌ ነው። በተራህ ከወረደ አገኘህ፣ ካመለጠህ አመለጠህ፤ ውሃን ነገ ተመለስ የሚለው የለም። በዚያ ዓመት በልጉ ሰስቶ፣ የአባቴ ማሽላ ጉልበት ላይ ሳይደርስ መጠውለግ ጀምሮ ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በፊት ኑሩ ሮጦ ክፍላችን በር ላይ ቆመ። ላቡ ይንጠባጠባል።

«ኸድጃ! ጎሊና ወርዷል! ተራው የኛ ነው፤ አባየ ሰው አንሶታል!»

እኔ ከመነሳቴ በፊት ቲቸር ጠመኔውን አስቀምጠዋል። «ያ ጀመዓ፣ ደብተር ዝጉ! ራን በእግሯ መጣችልን።»

ክፍሉ በሙሉ ሄደ። አባቴ ያን ሁሉ ልጅ ሲመጣ ሲያይ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ፤ «አላህ ልጆቻችሁን ያብዛ፣ ተማሪ መጣልን!» አለ። የውሃ አባቱ አያ ደሳለ ግን በሰው ብዛት የሚደነቁ አልነበሩም። ዱላቸውን እያሳዩ ለእያንዳንዱ ቦታ ሰጡ። ለቲቸርና ለእኔ የክትሩ ደካማ ጥግ ደረሰን።

«አንቱ አስተማሪ፣ እዚች ላይ ይቁሙ። ውሃው አፈሯን መላስ ከጀመረ አፈር ይጨምሩ፣ ይጩኹ። በሥላሴ፣ ከዚች እንዳትነቃነቁ!»

ቲቸር ሱሪያቸውን ጠቅልለው አካፋ ያዙ። እኔ በአንድ እጄ ዶማ፣ በሌላው ደብተሩን ከጭቃው በላይ ከፍ አድርጌ ይዣለሁ። ውሃው ጭራሮ፣ ቅጠል፣ የአንድ እግር ጫማ እየገፋ መጣ። ቀይ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ትልሞች ሲሞላ የማሽላው ሥር ሲጠጣ ይሰማል፤ አባቴ «አሏሁ አክበር» ይላል።

በዚያ መሐል በላይኛው በኩል አንድ ትንሽ ቦታ ተሸነቆረና አያ ደሳለ ጮኹ።

«ሸፈተ! ያዙት! ሸፈተ!»

የሸፈተው ውሃው ነው፤ ከቦዩ ወጥቶ በገዛ መንገዱ መሄዱ ነው። ቲቸር ያን ቃል ሲሰሙ የሆኑትን ልነግራችሁ አልችልም። ከአራቱ ቅጠል ውስጥ አማርኛ አጥታ ባዶ የቀረች አንዲት መስመር ነበረች። ልጓም በጥሶ እንደልቡ መሆንን የምትለው ናት፤ እንግሊዞቹ ለፈረስም፣ ለልጅም፣ ለውሃም ይሏታል። ወር ሙሉ ሲፈልጉላት ከርመዋል።

«ሰማችሁ? ‹ሸፈተ›! ውሃ ሸፈተ! ሱብሐነላህ! ኸድጃ፣ ደብተሩን!»

አካፋውን ጭቃው ላይ ተክለው ወደ አያ ደሳለ ሄዱ፤ ግራ ጆሯቸውን አስቀድመው፣ እንደገና እንዲሉት እየጠበቁ። የእኛ ጥግ በዚያ ቅጽበት ነው የሄደችው። መጀመሪያ እንደ ክር ፈሰሰች፣ ከዚያ እንደ በር ተከፈተች። የአባቴ ውሃ ዞሮ ወደ ጎሊና አሸዋ ገባ። ሰው ሁሉ ቢረባረብም ክትሩ ሲቆም ጎርፉ ጎድሏል። ግማሽ ማሳ እንኳን አልረጠበም።

አባቴ ጭቃ እንደለበሰ መጥቶ ፊታቸው ቆመ። አልጮኸም።

«እንድሪስ፣ ልጄን አስተምር ብየ ነበር የሰጠሁህ።»

«ይማም ወንድሜ፣ ወላሂ…»

«እሷም ሳትማር፣ ማሳየም ሳይጠጣ፣ አንተ ቃል ለቀምህ። ይሁን።»

‹ይሁን› ያለበትን አነጋገር እስከዛሬ እሰማዋለሁ። ቲቸር ያን ቃል አልጻፉም። ልብ ብዬ አይቻቸዋለሁ፤ አልጻፉም።

ፈተናው ደረሰ፤ ተፈተንን። በዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ራን አንድ ጊዜ ብቻ መጣች። ያቺም አንድ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት በእግሩ የሚሮጥባት ናት። አራተኛ ክፍል የጨረስናት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ፈተና ክፍል ውስጥ ሳቄ መጣ።

ውጤቱ ሲመጣ በትንሽ ነጥብ ወድቄ ተገኘሁ። በእንግሊዝኛ። ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ ቲቸር በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ቲቸር፣ ቀረሁ» አልኳቸው።

«ምን አልሽ?»

ያልሰሙኝ መሰለኝ፤ ጮክ አልኩ። «ቀረሁ!»

«ሌሎቹ ሁሉ ‹ወደቅሁ› ነው ያሉኝ» አሉ ቀስ ብለው። «አንች ‹ቀረሁ› አልሽ።» እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው፣ ወደ እስክርቢቶው ሄደ።

ዞሬ ሄድኩ። ከኋላዬ ስሜን ጠሩኝ፤ አልተመለስኩም። ማሽላው ደረቀ፣ እኔ ቀረሁ፣ አባቴ ያልጨረሳት ዐረፍተ ነገር ራሷን ጨረሰች። ከቆቦ የወጣሁ ቀን ቲቸር መናኸሪያ መጥተው አውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆሙ። ግራ ጆሯቸውን ወደ መስታወቱ ጠጋ አድርገው፣ እጃቸውን ከኋላው ደግፈው፣ የምለውን ይጠብቃሉ። እኔ ፊቴን አዞርኩባቸው። አውቶቡሱ ጎብዬን እስኪያልፍ ድረስ ያቺ ጆሮ መስኮቱ ላይ የተለጠፈች ይመስለኝ ነበር። ተናደድኩ። የበደለ ሰው አፉን ያቀርባል እንጂ ጆሮውን ያቀርባል?

እዚህ ስመጣ ዓረብኛ የማውቀው ለሶላት የሚበቃኝን ነበር። አሁን የሕንጻችን ሐበሻ ልጆች ሐኪም ቤት ሲሄዱ እኔን ነው የሚወስዱኝ። «እንዴት እንዲህ ቶሎ ለመድሽ?» ይሉኛል። ትከሻዬን እነቀንቃለሁ። አሣ ሻጩ አሣ ሲመዝን፣ ልብስ ሰፊው መርፌ ሲሰበርበት፣ አሮጊቷ እግራቸው ሲጠዘጥዛቸው የሚሉትን ዝም ብዬ ሰምቼ ነው የያዝኩት፤ ማንንም አልጠየቅሁም። ይህን ከማን እንደተማርኩት አውቃለሁ። ምስጋናውን ለእሳቸው መስጠት ግን አልፈለግሁም፤ አሁንም ስሰጥ ቅር እያለኝ ነው።

ባለፈው ሳምንት ኑሩ ለቅሶ ቤት ሄዶ ጥቁሩን ደብተር እንዲያይልኝ ነገርኩት። የቀልደኛው ተስፋዬ ልብ ቢኖረኝ በራሴ እስቅ ነበር፤ ደብተሩን ያስፈተሽኩት ይቅርታ ፈልጌ ነው። ምናልባት ከስሜ ጎን አንዲት ቃል፣ አንዲት ‹አጠፋሁ› ትኖር ይሆናል ብዬ።

«አለ» አለኝ ኑሩ። «‹ቀረሁ፤ ከኸድጃ ይማም አፍ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ› ይላል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ከሥሩስ? ጀርባውን ገልብጠው እስቲ።»

«እህቴ፣ ከሥሩ ‹ነጠፈች› ነው ያለው። በአንድ ገበሬ ስም።»

እንግዲህ ይህ ነው። እኔና የነጠፈችው ላም እኩል መስመር ደርሶናል። ያን ሌሊት ለራሴ ‹አውፍ አልልም› አልኩ። ሐቄ ነው፤ መያዝም መብቴ ነው።

ግን ላልዋሽ ብዬ የጀመርኩ ሰው ሒሳቤን በአንድ በኩል ብቻ ልናገር አልችልም። እስከዛሬ ለአባቴ ያልነገርኩት አለ። ቲቸር ሲሄዱ እኔ ጥጓ ላይ ነበርኩ። ዶማ በእጄ ነበር። ውሃው አፈሯን መላስ ሲጀምር አይቻለሁ። «ኸድጃ፣ ደብተሩን!» ሲሉኝ ግን ዶማውን ጥዬ ተከተልኳቸው፤ ያቺ መስመር ስትሞላ ከአጠገባቸው መቆም ፈልጌ። እኔም ሸፈተ የሚለውን እንደገና ለመስማት ነው ቦታዬን የለቀቅሁት። ይህን ሁሉ ዓመት የእሳቸውን ጥፋት ከፍ አድርጌ የያዝኩት፣ የእኔን ጭቃ እንዳይነካብኝ ይሆን?

ትናንት ጠዋት የውሃ ቦቴው መጣ። እዚህ ውሃ በቦቴ ነው፤ ሾፌሩ ከታች በረጅም ጎማ ይለቃል፣ እኔ ጣራ ላይ ገንዳው ጋ ቆሜ ሲሞላ «በቃ» ብዬ እጮሃለሁ። ሥራዬ ያችው ናት፤ መቆምና መጮህ። አጠገቤ የታጠቡ ምንጣፎች ተሰጥተዋል።

ታች ሾፌሩና የጎረቤቱ ዘበኛ መጣላት ጀመሩ። ሾፌሩ ስለ ውሃው አንድ ነገር አለ፤ ሰምቼው የማላውቅ ቃል። ደረጃው ጫፍ ሄድኩ። አልሰማ አለኝ። ሁለት ደረጃ ወረድኩ፤ ከዚያ አራት። እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቆሜ ራሴን አገኘሁት፤ ግራው ላይ፤ እኔ ሁለቱም ጆሮዬ ጤነኛ ነው።

ውሃው በደረጃው ወርዶ እግሬን ሲነካኝ ነው የነቃሁ።

«ሸፈተ!» እያልኩ ወደ ላይ በረርኩ። «ሸፈተ! ሸፈተ!» በአማርኛ። ሾፌሩ ከታች ምን እንደምል ይጠይቃል፤ እኔ እጮሃለሁ። ገንዳው ሞልቶ በአራት በኩል ይወርዳል፤ ምንጣፎቹ ተንሳፍፈዋል፤ የአሮጊቷ መስገጃ አንድ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ እንደሰመጠ ሰው ተኝቷል። ሾፌሩ ዘግቶት ውሃው ሲቆም እስከ ጉልበቴ ረጥቤ ቆሜያለሁ። ቃሉንም አልያዝኩትም። ምንጣፍ ሁሉ አጥፍቼ ቃሉን እንኳን አልያዝኩትም!

ከዚያ ሳቅ መጣብኝ፤ ከሳቁ ኋላ ሌላ ነገር ተከትሎ ወጣ። ስልክ አልያዝኩም፣ ውዱእ አላደረግኩም፣ የጠየቀኝም የለም።

«አውፍ ብዬዎታለሁ፣ ቲቸር» አልኩ። «እኔንም አውፍ ይበሉኝ።»

ድምፄ በር ላይ ቆሜ የምዋሽበት አልነበረም።

ልብሴን ሳልቀይር ኑሩ ጋ ደወልኩ።

«ለአባየና ለእትየ ሐሊማ ንገራቸው። ብያለሁ። ክትሩ ሲሄድ እኔም ቦታየን ለቅቄ እንደነበር ለአባየ ንገረው፤ እሱም እኔን አውፍ ይበለኝ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ። ሲያለቅስ ይሰማኛል። «ቆይ፣ ቆይ፣ ልቅዳው። በይ አሁን ድገሚውማ፤ ሰደቃው ላይ አሰማቸዋለሁ።»

«አይደገምም።»

«እህቴ፣ ምን ሆነሻል? ሳይሰሙ እንዴት ብለው ያምኑኛል?»

«ከማን አፍ ሰማህ ካሉህ፣ ከኸድጃ ይማም አፍ በላቸው። ጣራ ላይ፣ ውሃ ሸፍቶባት።»